«አልነካሁትም!»

ካርቶን ሲከፈት የሚወጣ ሽታ አለ። ነጩ ፎም፣ አዲሱ ላስቲክ፣ ሽቦው የታሠረበት ቀጭን ከረጢት፣ ሁሉም ተደባልቆ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቶ መጣና «እማማ፣ ይምጡና ይመርቁልኝ» ብሎ አስጠራኝ። ቆሜ ምርቃቱን ጀመርሁ። እሱ ካርቶኑን በቢላዋ ሲቀደው ያ ሽታ ወጣ፤ እኔም «አሜን» የሚያሰኘው ቦታ ላይ ሳልደርስ ከኋላዬ ያለው ዱካ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ። «ምን ሆኑ እማማ? ውሃ ይምጣ?» አሉኝ። «ምንም አልሆንሁ፤ ትዝ ያለኝ ነገር አለ» አልኋቸው። ትዝ ያለኝ አንዲት ቃል ነበረች። ልጄ ትርንጎ ሰው በሞላበት ቢሮ ውስጥ ብድግ ብላ የጮኸቻት ቃል። የዚያን ቀን ድንጋጤ ከደሜ አልወጣም፤ ሽታው በመጣ ቁጥር አብሮ ይመጣል።

ዘመኑን በትክክል ንገሪን ብትሉኝ እሳሳታለሁ። መንግሥት ተለውጦ፣ ክልል የሚባል ነገር መጥቶ፣ ልጆቻችን ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ግራ የገባን ጊዜ ነበር። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። አስፋልቱ ከወረታ ተነሥቶ ወደ እኛ ወደ ደብረ ታቦር እየመጣ ነው ይባላል እንጂ ገና አላየነውም፤ ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው እስከ ቅንድቡ አፈር ለብሶ ነበር ከአውቶብስ የሚወርድ። ሻይ በስሙኒ ነው፤ ከነዳቦው በሽልንግ። ሴት ተማሪዎች ከዩኒፎርማቸው በላይ የሱፍ ሹራብ ይደርባሉ፤ ያለዚያ የጉና ተራራ ብርድ አይቻልም። ነጭ ሸራ ጫማ ያላት ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና ታጥበውና እንዳይበልዝ ሶፍት አልብሳ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። መናኸሪያው አጠገብ ካሴት ቤት ነበር፤ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ሲለቅ ስለሚውል እኛ ከገበያ የምንመለስ ሴቶች ግጥሙን ሳንወድ በግድ ለምደነው ጌሾ ስንወቅጥ እናንጎራጉረዋለን። ካሴቱ ሲጣበቅ ባለቤቱ እርሳስ አስገብቶ ቀስ እያለ ሲያጠነጥነው ቆሜ አይ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ የስልክ ሽፋን ይሸጡበታል። እኔ በገበያ ቀን ብቅልና ጌሾ እሸጥ ነበር፤ የትርንጎ አባት ገና ሳታውቀው ስለሞተ ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነበር።

እኔ ዕቃ የምፈራ ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ ከአራተኛ ክፍል አውጥተው አንድ ሹም ቤት አገልጋይ አድርገው አስገቡኝ። አንድ ቀን አቧራ ስወለውል የራዲዮናቸው መዘውር ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። በዚያው ቀን ተባርሬ ነጠላዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የሚሰበር፣ የሚቧጨር፣ የሚቃጠል ነገር ሳይ እጄን እሰበስባለሁ። ቤት ከያዝሁ በኋላ ያለኝን ሁሉ ሸፋፍኜ አኖርሁ። ስኒዎቼ ቡፌው ውስጥ ከነዋጋ ወረቀታቸው ተደርድረዋል። ሶፋው ከነላስቲኩ ስለሆነ እንግዳ ሲመጣ እየተንሸራተተ ነው የሚቀመጥ። ትርንጎ መዳህ ስትጀምር አስቀድማ የለየችው ቃል «አትንኪ» ይመስለኛል። የሆነ ነገር ኳ ባለ ቁጥር ሮጬ ስደርስ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ ሸሽጋ «አልነካሁትም!» ትለኛለች። ጎረቤቶቼ «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ እጇን የሰበሰበች» ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኛል። ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ቅቤ በነካ ጣቷ የእናቷን ስልክ ትደበድባለች፤ «ተይ» የምትለዋ ቃል እስከ ምላሴ ጫፍ መጥታ መልሼ እውጣታለሁ።

ታናሽ እህቴ ጥሩዬ ዐረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ነው ካርቶኖቹ የመጡት። ሁለት ነበሩ። ከአውቶብሱ ጣሪያ ላይ ወርደው በሰው ጀርባ ቤት ገቡ። ያን ጊዜ በሰፈራችን ኮምፒውተር በቤቱ ያለው ሰው አልነበረም። ካርቶኖቹን ስንከፍት ኮምፒውተር ወጣ፤ ያ ሽታም ቤቱን ሞላው። መስኮት የሚመስለው ፊቱ ጠባብ ነው፤ ጀርባው ግን እንደ ጎተራ የወጣ፣ ለሁለት የምናነሣው ነበር።

«ጥሩዬ፣ ይህን ሁሉ ምን አድርጊው ብለሽ ነው?» አልኋት።

«ለትርንጎ ነው፣ እታለም። እይው እስቲ እጄን።» መዳፏን ዘረጋችልኝ። በበረኪና ተልጦ የጣቶቿ ጫፍ ቆዳ አልነበረውም። «የሰው ቤት ሲፈትግ ያለቀ እጅ የእኔ ይበቃል። ይቺ ልጅ ይህን ለምዳ እዚሁ አገሯ ቢሮ ትግባ። እንደ እኔ እንዳትሄድ።»

«እግዜር ይስጥሽ። በደንብ አድርጌ እይዘዋለሁ።»

«መያዙን መች አልሁሽ? ትለማመድበት ነው ያልሁ።»

«እሺ አልሁሽ እኮ!»

ጥሩዬ ሳምንት ሳትቆይ ባሕር ዳር ሱቅ ልትከፍት ሄደች። እሷ እንደሄደች ኮምፒውተሩን ጥሩው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዳንቴል አለበስሁት፤ ዳንቴሉ አቧራ እንዳይዘው ደግሞ በላዩ ላስቲክ አደረግሁ። ሶኬቱን ከግድግዳው አላገናኘሁትም፤ መብረቅ በሚበዛበት አገር ማን ያገናኛል? ትርንጎ ዳንቴሉን በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ አይታ «መቼ ነው የምጽፍበት፣ እምዬ?» አለችኝ። «መጀመሪያ ሥልጠናሽን ጨርሺ። በደንብ ስታውቂው ትነኪዋለሽ» አልኋት። ስታውቂው ትነኪዋለሽ! ይህን ከአፌ ማውጣቴን ዛሬ ሳስበው እደነግጣለሁ። እንዝርት ሳትነኪ ፈትል እወቂ እንደማለት ነው። ጥሩዬ በጎረቤት ስልክ በደወለች ቁጥር «ኮምፒውተሩ እንዴት ነው፣ ትለማመዳለች?» ትለኛለች። «አዬ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ፤ አንድ ጭረት የለበትም!» እላታለሁ። «ጎበዝ!» ትላለች። እሷ የምታመሰግነው ትርንጎን ነው፤ እኔ የተመሰገንሁ ይመስለኛል።

ትርንጎ ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገባች። ለአርባ ልጅ አራት ኮምፒውተር ነበር፤ ልጆቹ በተራ በተራ ይቀመጣሉ ይባላል። አንድ ቀን ምሳዋን ረስታ ሄዳ ላደርስላት ሄድሁ። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ ሸራው፣ ኮንጎው፣ ተረከዙ የተበላው ሁሉ። አቧራ እንዳይገባ ብለው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀው ነው የሚገቡ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዕቃ የሚያከብር ሰው እጅ ገባችልኝ አልሁ።

ቤት ስትመለስ የምትይዘው ደብተሯን ነው። እኔ ብቅል ስለቅም እሷ ዳንቴል ከለበሰው ኮምፒውተር አጠገብ ተቀምጣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ታነበንባለች። ከካርቶኑ ክዳን ቆርጣ በእስክርቢቶ የፊደል ገበታውን ሣለችበትና ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጣቷን ታመላልሳለች። ዓይኗን ጨፍና የቱ ፊደል የት እንዳለ ታውቃለች። አንዳንዴ ደብተሩን ትሰጠኝና በአራተኛ ክፍል ንባቤ እየተንተባተብሁ እጠይቃታለሁ። «የተጻፈ ነገር እንዳይጠፋ ምን ይደረጋል?» «ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ እንጫናለን።» «ማውዝ ምን ያደርጋል?» «ቀስቱን ወደፈለግንበት ይወስዳል።» አንድ ቃል አትስትም። ሠርቲፊኬቷን ስታመጣ በመስታወት አስደርጌ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት።

በዚያ ጊዜ ከጓደኞቿ ግማሾቹ ፓስፖርት አውጥተው ነበር። ከወረታ የምትመጣ አንዲት ደላላ ነበረች፤ የአንገት ወርቅ ያላት፣ አፏ ማር። በየቤቱ እየገባች «ልጅሽን ለእኔ ስጭኝ፣ በዓመት ቤትሽን ቆርቆሮ ታለብሰዋለች» ትላለች። ትርንጎም ቁርጡን ነግራኛለች፤ «እምዬ፣ ሥራ ካገኘሁ አገኘሁ። ካላገኘሁ ግን አንቺ ጌሾ እየወቀጥሽ እኔ ቁጭ አልልም፤ እሄዳለሁ።» የጥሩዬን መዳፍ አስቤ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ተመዘገበች። ጠዋት የጽሑፍ ፈተና፣ ከሰዓት የተግባር። የጽሑፉን ውጤት እዚያው በር ላይ ለጠፉት፤ ትርንጎ አንደኛ! ሃያ ከሚሆኑ ልጆች አንደኛ! እልል ልል አፌን ከፍቼ ዘበኛው «ሴትዮ፣ ገና ነው» አለኝ። ለእኔ ግን አብቅቷል። ያ ሁሉ ነገር በጭንቅላቷ አለ፤ ከሰዓቱ ምን ሊሆን ነው?

ከሰዓት መስኮቱ ክፍት ስለነበር ወላጆች ተደርድረን በብረቱ ቀዳዳ እናያለን። ትርንጎ በሩ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ሌላ ማንም አላወለቀም። የቆዳ ጃኬት የለበሰች ፈታኝ ነበረች፤ «ኧረ አድርጊው እህቴ፣ ሲሚንቶው ያምሻል» አለቻት። ልጆቹ ሳቁ። ተቀመጠች። አንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጧቸውና «ጀምሩ» ተባለ። ሌሎቹ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ጀመሩ። ትርንጎ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ኮምፒውተሩን ታያለች። እየጸለየች መሰለኝ። ጠበቅሁ። አጠገቧ ያለው ልጅ ግማሽ ገጽ ደረሰ። እሷ አንድ ጣቷን አነሣች፤ የጋለ ካውያ እንደሚፈትሽ ሰው አስጠግታ መለሰችው። እንደገና አስጠጋች፤ መለሰች። ላብ በጆሮዋ ግንድ ሲወርድ ከመስኮቱ ይታየኛል። «ጀምሪ እንጂ ልጄ» እላለሁ በልቤ። ይህን እያልሁ ሳለ የኮምፒውተሩ ፊት ጭልም አለ።

ትርንጎ ወንበሩን ገፍትራ ብድግ አለች። ወንበሩ ወደቀ። ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ ሸሸገችና ቤቱ እስኪያስተጋባ «አልነካሁትም!» ብላ ጮኸች። «በእግዜር ስም አልነካሁትም!»

ቀጥሎ ሳቅ ሆነ። መስኮቱ ላይ ያሉት ወላጆች ሳይቀሩ ሳቁ። ፈታኟ አልሳቀችም። መጥታ ማውዙን በአንድ ጣቷ ነካ ስታደርገው ኮምፒውተሩ በራ።

«ምንም አልሆነም። ሰው ሳይነካው ሲቆይ እንዲህ ይተኛል፤ የጠፋው ስላልነካሽው ነው» አለቻት። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም። ከዚህ በፊት በኮምፒውተር ጽፈሽ ታውቂያለሽ?»

ትርንጎ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

«በምን ነው ታዲያ የተለማመድሽ?»

«በካርቶን።»

የመስኮቱን ብረት እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «የማናት ልጅ?» ስትል ሰማሁ። «የእኔ ናት» ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። ጠዋት እልል ልል የከፈትሁት አፍ!

ቤት ደርሰን በሩን እንደዘጋን ማሠልጠኛውን መርገም ጀመርሁ። «ያን ያህል ጊዜ ሲያመላልሱሽ አንድ ቀን እንኳ አያስቀምጡሽም?»

«ያስቀምጡን ነበር» አለች።

«ምን?»

«ተራ አለኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ተራዬ ሲደርስ ለሌላ እሰጠዋለሁ። ብሰብረውስ? እምዬ ከምን አምጥታ ትተካለች? እያልሁ ፈራሁ። ልጆቹ ለጋስ ነሽ እያሉ ይወዱኝ ነበር።»

ማንም አልከለከላትም። የከለከልኋት እኔ ነኝ፤ እዚያም ድረስ ተከትዬ ሄጄ፣ ከወንበሩ አስነሥቼ። ሰው መብረቅ ሲመታው ምን እንደሚሰማው አላውቅም፤ ይህን የሚመስል ይመስለኛል። ያን ዕለት ለጥሩዬ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት።

«እታለም» አለች፣ «እስካሁን ዳንቴል ነው ያለበስሽው?»

«ጭረት የለበትም ብዬሽ እኮ…»

«ጭረት ይኑርበት! ጭረት እንዲኖርበት ነው ተሸክሜ ያመጣሁት!» ከዚያ ልቅሶዋን ሰማሁ።

በማግስቱ ትርንጎ ሳትነግረኝ ወጥታ ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሥታ መጣች። የጆሮ ጌጥ ሳታደርግ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፤ ለፓስፖርት የሚሆነው ዓይነት። ፎቶውን ለደላላዋ ሰጠቻት። ደላላዋም «ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለቻት። የቀረን የሁዳዴ ጾምና ጥቂት ሳምንት ነበር። ሌላ መሥሪያ ቤት ከፋሲካ ቀደም ብሎ እንደሚፈትን ስለሰማን፣ ያች ፈተና ብቻ ናት ተስፋችን።

ላስቲኩንና ዳንቴሉን አንድ ላይ ይዤ ገፈፍሁት። «ነይ ንኪው!» አልኋት። ቁጣ ይመስል ነበር፤ ፍርሃት ነው። ሽቦዎቹን እንደ ደብተሩ ሥዕል አገናኘችና ሶኬቱን ሰካች። ቁልፉን በጣቷ ተጫነችው። ጧ! አለ። ከኋላው ሰማያዊ ጢስ ወጣ፤ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። እኔ «ወይኔ ልጄን!» ብዬ ስጮህ ጎረቤት ግር ብሎ ገባ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው የኖርሁት ድምፅ መጣ። ጣሪያው ግን አልወረደም። ትርንጎ እዚያው ቆማ ጣቷን አየችው፤ አሁን እጇን ወደ ኋላ አልሸሸገችም። «ነካሁት፣ እምዬ» አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ መኳንንት የሚባሉ ራዲዮን ጠጋኝ ነበሩ፤ ጠና ያሉ፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ጠመንዣዬ የሚሉት ትንሽ የብሎን መፍቻ የማይጠፋ። መጥተው ከኋላ አጎንብሰው አዩት።

«ይህ ዕቃ የመጣበት አገር መብራት ጉልበቱ ከእኛው ያነሰ ነው። ይቺን ቀይ ነገር አያችኋት? ወደዚህ መገፋት ነበረባት። ኃይል የምታቀብለው ሣጥን ናት የተቃጠለችው፤ ሌላው ደኅና ይሆናል።»

«ማን ነግሮን ጋሼ!» አልሁ።

«ቀድማችሁ ብትነኩት ቀድሞ ይቃጠል ነበር፤ ቀድሞ ከተቃጠለ ቀድሞ ይሠራ ነበር። በሉ፣» መፍቻውን ለትርንጎ ዘረጉላት፣ «እንቺ ፍቺው።»

«እኔ?»

«የእኔ ዓይን ደክሟል።»

«ብሰብረውስ?»

«ተሰብሯል እኮ! ከዚህ በላይ ምን ታደርጊዋለሽ? ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ ያቀለጡት ሰዎች ስንቴ ቅርጹ እንደፈነዳባቸው አያቶችሽ አልነገሩሽም? ጋፋት ታች ነው፣ ሂጂ ጠይቂ።» ሳቁ። ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ደግሞ አትቁሚ፤ ብሎኖቹ እንዳይጠፉ ዕቃ አምጭልን» አሉኝ። ሌላ ዕቃ በዓይኔ አጣሁ። ቡፌውን ከፍቼ ከነዋጋ ወረቀቱ አንድ ስኒ አወጣሁና ዘረጋሁላቸው። ብሎኑ ስኒው ውስጥ ቀጭ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ቀጭ ይላል። በኋላ የሰፈር ሰው ሲነግረኝ የጋሽ መኳንንት ዓይን በመርፌ ክር የሚሰካ ነበር።

ጥሩዬ የተቃጠለውን የሚተካ ሣጥን ከባሕር ዳር በአውቶብስ ላከች። ጋሽ መኳንንት እያዩ ትርንጎ ራሷ ገጠመችው። ሲበራ ሦስታችንም አልተነፈስንም።

ከዚያ ጽፋ ጽፋ ምን ትጻፍ? «ምን ልጻፍ እምዬ?» ስትለኝ የማውቀውን «አባታችን ሆይ»ን አልሁላት። በካርቶኑ ላይ እንደ ውሃ የሚወርደው ጣቷ እዚህ ድንጋይ ሆነ። አንዱን ፊደል ሁለቴ ትመታለች፤ ማውዙ ያመልጣታል። «ካርቶኑ ላይ አይሰምጥም፣ ይህ ይሰምጣል» ትለኛለች። ላቧ እየወረደ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ። ያን ጊዜ በደብረ ታቦር መብራት እንደ ቸኮለ እንግዳ ነበር፤ ብቅ ብሎ ይሄዳል። ሲመለስ ገጹ ነጭ ሆኖ ጠበቀን።

«ጸሎቱ የት ሄደ?» አልኋት።

«ጠፋ።»

«ጸሎትም ይጠፋል?»

«ካላስቀመጡት ይጠፋል።» ግንባሯን መታች። «ደብተሬ ላይ አለ እኮ! ኮንትሮልና ኤስ! መቶ ጊዜ ሸምድጄዋለሁ!»

በሁለተኛው ቀንም ረሳችው፤ ጠፋ። በሦስተኛው እያለቀሰች ከመጀመሪያው ጀመረች። የዕድራችንን ማስታወቂያ፣ የጎረቤት ልጅ የሰርግ መጥሪያ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ ያገኘችውን ሁሉ ጻፈች። በሁዳዴ ጾም መሐል አካባቢ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ሽሮ እየበላን ወሬ ሳወራላት የግራ እጇ ሁለት ጣቶች አንድ ላይ ጠረጴዛውን ጠቅ ያደርጋሉ። ነገሬን ስጨርስ ጠቅ። ሌላ ስጀምርና ስጨርስ ጠቅ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት።

«ምን ሆንሁ?» አለችኝ። አታውቀውም ነበር። የፊደል ገበታው ፊደሎች መደምሰስ ጀመሩ፤ አንድ ቀን ሻይ ፈሰሰበት፤ ከንፈሬን ነክሼ ጨርቅ አቀበልኋት።

የሁለተኛው ፈተና ቀን መስኮት አጠገብ መቆም ፈራሁ። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለጣራ ገዳም ጥላ ተሳልሁ። ልጄን አገሯ አስቀርልኝ፣ ሌላ አልፈልግም። ደመናው ከጉና በኩል ጠቁሮ መጣ። ነጎድጓዱ አንድ ጊዜ ሲያጓራ የበረንዳው አምፖል ድርግም አለ፤ ከውስጥ «ውይ!» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማ። መብራቱ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ፤ የእኔ ልብ ግን አልተመለሰም። መጀመሪያ የወጣው ወጣት የፈተና ካርዱን መሬት ወርውሮ «ጨርሼ ነበር እኮ! ደብዳቤውን ጨርሼ ነበር!» ይላል። አንዲት ልጅ እያለቀሰች ወጣች። «ጊዜ አንጨምርም አሉ» ይባባላሉ። ትርንጎ በመጨረሻ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጠፋብሽ?» አልኋት።

«አልጠፋም።»

«ምን?»

«መብራቱ ሲሄድ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ሲመለስ ብከፍተው እስከ መጨረሻዋ መስመር አለ። ፈታኙ ደንግጦ መጣና መቼ አስቀመጥሽው? አለኝ። አላውቅም አልሁት።»

«እንዴት አታውቂም? አንቺ አይደለሽ ያስቀመጥሽው?»

«እኔ አይደለሁም፣ እምዬ። እጄ ነው።»

ስሟ ካለፉት ጋር የተለጠፈው በሳምንቱ ነው፤ ደላላዋም ፎቶግራፉን የመለሰችልን ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ይህን አናውቅም ነበር። ዝናቡ መጣል ጀምሯል፤ ሰው ነጠላውን ራሱ ላይ እያደረገ ይሮጣል። እኔ መንገዱ መሐል ቆሜ ያን እጇን ያዝሁትና ገልብጬ አየሁት። የጣቶቿ ጫፍ ቀልቷል፤ አንዱ ጥፍር ላይ መፍቻው ስቶ ያወጣው ጠባሳ አለ። የወለድሁት እጅ አልመስል አለኝ። በአገራችን ልጅ ነው የወላጅ ጉልበት የሚስም፤ እናት ጎንበስ ብላ የልጇን እጅ አትስምም። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳምሁት።

«ኧረ እምዬ፣ ምን ሆነሻል፣ ሰው ያያል!» አለችኝ ደንግጣ።

«ይየን» አልኋት።